«ሌላ ካለ ይግለጹ»

መጠይቅ ማዘጋጀት በጀመርኩበት ሰሞን የሁሉም ማሳረጊያ ይህች ጥያቄ ነበረች፦ «ሌላ አስተያየት ካለዎት ይግለጹ።» በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን እምብዛም አትለይም። የዚያ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ አይታወቅም፤ የእኔዋም የምታመጣልኝ «የለም»፣ «ጥሩ ነው»፣ «በርቱ» ብቻ ነበር። መላሹ ምን ያድርግ? የጠየቅኩት ነገር የለም።

አንድ የማታ ሥልጠና የሚሰጥ ተቋም ተማሪዎቹ ለምን እንደሚያቋርጡ እንዳጣራለት ጠየቀኝ። በጎግል ፎርም አምስት ምርጫ ደርድሬ ሊንኩን በቴሌግራም በተንኩ፦ ክፍያ፣ ሰዓት፣ ርቀት፣ የአሠልጣኝ ብቃት፣ የግል ጉዳይ። አብዛኞቹ «የግል ጉዳይ»ን መረጡ። ያማረ ግራፍ ሠርቼ አስረከብኩ፤ ለማንም አልጠቀመም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በሁለተኛው ዙር ምርጫዎቹን ትቼ «መጨረሻ የቀሩበትን ቀን ያስታውሱ፤ ያን ዕለት ምን አጋጠመዎት?» አልኩ። ሴቶቹ ከክፍል ሲወጡ ታክሲ እንደማያገኙ፣ በጨለማ በእግር ላለመሄድ ሲሉ እንደቀሩ ጻፉ። ነገሩ ሰዓትም፣ ርቀትም፣ የግል ጉዳይም ነው። ከአምስቱ በአንዱ ላይ ምልክት አድርጎ ይህን መናገር ግን አይቻልም።

እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በኋላ ፒው የምርምር ማዕከል መራጮችን ለድምፃቸው ወሳኝ የነበረው ጉዳይ ምን እንደሆነ በሁለት መንገድ ጠይቆ ነበር። ዝርዝር ከቀረበላቸው 58 በመቶው ኢኮኖሚ ሲሉ፣ በራሳቸው ቃል እንዲመልሱ ከተጠየቁት ግን ይህን ያሉት 35 በመቶው ናቸው። በራሳቸው ቃል ከመለሱት ውስጥ 43 በመቶው በዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ያልነበረ ነገር ተናገሩ። ዝግ ጥያቄ ይዋሻል ማለቴ አይደለም፤ የሚቆጥረው እኔ አስቀድሜ ያሰብኩትን ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ክፍት ጥያቄ እልካለሁ፤ ምርጫዎቹን የማወጣው ከእነሱ ቃል ነው።

ክፍት ጥያቄ ከሁለት አላሳልፍም። መላሹ ታክሲ ውስጥ ሆኖ በአውራ ጣቱ ፊደል የሚለቅም ሰው ነው። ሣጥኑን ሰፋ ሲያደርጉለት ረዘም አድርጎ ይጽፋል፤ ግዴታ ካደረጉበት ደግሞ አንዲት ነጥብ አስቀምጦ ያልፋል።

እውነተኛው ድካም ያለው ንባቡ ላይ ነው። አንዱ «ሰዓት»፣ አንዱ «ሰአት»፣ ሌላው «ሠዓት» ብሎ ይጽፋል፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። ኤክሴል ላይ አንዱን ብቻ ፈልጎ መቁጠር ሌሎቹን መጣል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ ወጥ አደርጋለሁ፤ ቀጥሎ ሃምሳ ያህሉን በዓይኔ አነብና ምድቦቹን አወጣለሁ። ሌላ ሰውም ያንኑ ለብቻው እንዲመድብ እሰጠዋለሁ፤ የማንስማማባቸው መልሶች ብዙ ጊዜ ምድቡ እንዳልጠራ ይጠቁሙኛል።

አንድ ልማድም አለኝ፦ «ግን» የሚለውን ቃል ማደን። የእኛ ሰው ሳያመሰግን አይወቅስም። «ሥልጠናው በጣም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አሠልጣኞቹም ትሑታን ናቸው፣ ግን…» ብሎ ይጀምራል። ምስጋናውን ቆጥሮ የሚሄድ አንባቢ፣ ሶፍትዌርም ቢሆን፣ ይህን መልስ ከደስተኞቹ ጋር ይመድበዋል።

መጠይቅ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ከመላካችሁ በፊት በገዛ ስልካችሁ፣ በአማርኛ፣ ራሳችሁ መልሱት። እኔ የራሴን የድሮ መጠይቅ ለመመለስ ሞክሬ ሦስተኛው ሣጥን ላይ ሰልችቶኝ ዘግቼዋለሁ።