ጉሮሮን መንካት የመዋጥ መመርመሪያ ነውን?

ከራስ ቅል የሚወጡትን 12 ጥንድ ነርቮች ስንማር ለእያንዳንዱ አንድ ሥራና አንድ መመርመሪያ አያይዘን በቃላችን እንይዛለን። ለዘጠነኛውና ለዐሥረኛው የተመደበው መመርመሪያ የጉሮሮን ጀርባ በቀጭን እንጨት ነክቶ በሽተኛውን ወደ ላይ ሲለው ማየት ነው። ነገር ግን ከዚሁ ተነሥቶ «ወደ ላይ ካለው መዋጥ ይችላል፤ ካላለው አይችልም» ብሎ መፍረድ ስሕተት መሆኑን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ፣ ሁለቱ ሥራዎች ተቃራኒዎች ናቸው። አንዱ የገባውን ያስወጣል፤ ሌላው የቀረበውን ያስገባል። በር ጠባቂው እንግዳ ሲያባርር ስላየን ብቻ ቤቱ መስተንግዶ ያውቃል አንልም። ለመዋጥ አምስተኛው ነርቭ መንጋጋን፣ ሰባተኛው ከንፈርንና ጉንጭን፣ ዐሥራ ሁለተኛው ምላስን ያንቀሳቅሳሉ። ዐሥረኛው፣ ማለት ቬገስ፣ ላንቃን ያነሣል፤ ጉሮሮን ያጠብባል፤ የድምፅ አውታሮችንም ይዘጋል። ዘጠነኛው የሚያንቀሳቅሰው አንድ ጡንቻ ብቻ ሲሆን በመዋጥ ረገድ ዋና ተግባሩ ስሜትን ማድረስ ነው። ዶቲና ቦስማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ባወጡት ጥናት የእንስሳትን ጡንቻዎች የኤሌክትሪክ ምልክት መዝግበው፣ ጡንቻዎቹ በተወሰነ ተራ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ተራውን የሚያስጠብቀው አንድ ነርቭ ሳይሆን በሜዱላ ኦብሎንጋታ ውስጥ ያለው የሕዋሳት ማኅበር ነው፤ ትንፋሽም ለጊዜው የሚቋረጠው በዚሁ ትእዛዝ ነው። እንጨቱ ይህን ሁሉ አይመረምርም።

ሁለተኛ፣ በ1995 በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት 140 ጤነኛ ሰዎችን መርምሮ፣ ከመቶ 37ቱ ጉሮሯቸው ሲነካ ወደ ላይ እንደማይላቸው አገኘ። እነዚህ ሰዎች ግን እንደ ማንኛችንም ይበላሉ፤ ይጠጣሉ።

ሦስተኛውና አስጊው ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። ከድምፅ አውታሮች በላይ ያለውን የማንቁርት ስሜት የሚያደርሰው የላይኛው የማንቁርት ነርቭ የሚባለው የቬገስ ቅርንጫፍ ሲሆን፣ እንጨቱ ከዚያ አይደርስም። ይህ ስሜት ከደነዘዘ ውሃው ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ በሽተኛውን ትን እንኳ አይለውም። አንጎሉ በደም ሥር መዘጋት የተጐዳ ሰው ወደ ላይ ስላለው ብቻ «ይጠጣ» ቢባል፣ ያለ አንዳች ሳል ለሳንባ ምች ሊጋለጥ ይችላል።

ይህን ስንል ልማዱ ፈጽሞ ይጣል ማለታችን አይደለም። የጉሮሮው አንድ ወገን ብቻ ሳይመልስ ሲቀር ነርቭ መጐዳቱን ሊያመለክት ይችላል። የመዋጥን ነገር ለመፍረድ ግን መዋጥን ራሱን መመልከት ይገባል። የነቃውን በሽተኛ ቀና አድርጎ አስቀምጦ ጥቂት ውሃ ማቅመስ፣ ሳልንና የድምፅ መለወጥን መከታተል ያስፈልጋል። ሆኖም ሳል አለመኖሩ ብቻውን ማረጋገጫ ስለማይሆን፣ ጥርጣሬ ካለ በራጅ ወይም በአፍንጫ በሚገባ የመመልከቻ መሣሪያ ማየት ይገባል። እንግዲህ በማስታወሻ ደብተራችን ካለው ሰንጠረዥ ላይ «የመዋጥ መመርመሪያ» የሚለውን ቃል ብንሰርዝ ለበሽተኞቻችን ይበጃል እንላለን። የተሳሳትነው ካለ መምህራንና ጓደኞቻችን ቢያርሙን ደስታችን ነው።