ክራርን ከቁጥር መሥራት

ሰሞኑን አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ወጣት «ጋሼ፣ የራሴን የሙዚቃ ሶፍትዌር መሥራት አምሮኛል፤ በየትኛው ቋንቋ ልጀምር?» አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ወዳጄ ቀደመኝ፦ «ፒዩር ዳታ አውርድ። ሳጥኖቹን በመስመር ታያይዛለህ፣ ዛሬ ማታ ድምፅ ይወጣልሃል።»

መውጣቱስ ይወጣል። ሚለር ፓኬት የሠራው ይህ ሶፍትዌር ብዙ ሰው አስጀምሯል፤ አከብረዋለሁ። ለጀማሪ ግን አልመክረውም፤ ዋናው ነገር ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነውና። መጀመሪያ አንድ አውታር ከባዶ ይሥራ እላለሁ፤ ቋንቋው የፈለገው ይሁን።

ኬቨን ካርፕለስና አሌክሳንደር ስትሮንግ በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ጥቂት መስመር ኮድ ነው። በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ይዘን 200 ቦታ እንክፈትና በዘፈቀደ ቁጥር እንሙላው። እንዲሁ ቢሰማ ጫጫታ ነው። ከዚያ ከፊት ያለው ቁጥር ወደ ስፒከር ይወጣል፤ እሱና ተከታዩ ተደምረው ለሁለት ይካፈሉና ውጤቱ ከኋላ ይሰለፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። እየዞረ ሲሄድ ጫጫታው ይለዝባል፣ 220 ሄርዝ ላይ የተመታ አውታር ይሰማል፤ ቀስ እያለም ይጠፋል። ይህን በገዛ እጁ ጽፎ የሰማ ሰው ስለ ድምፅ ያለው አስተሳሰብ ይለወጣል።

ፈተናው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ሁለቱን ቁጥር ደምሮ ማካፈሉ ራሱ የግማሽ ቦታ መዘግየት ስለሚጨምር ለ880 ሄርዝ 49.6 ቦታ ያስፈልጋል። 49 ብንከፍት 891 ይሆናል፣ 50 ብንከፍት 873፤ ሁለቱም ጆሮ ይቆረቁራሉ። ክፍልፋዩን የሚያስገኝ ማጣሪያ ዴቪድ ጃፌና ጁሊየስ ስሚዝ በዚያው ዓመት አሳትመዋል። እኔ የምወደው ቦታ እዚህ ነው፤ ክፍልፋይ ከተቻለ የፈለግነውን ቅኝት መቃኘት ይቻላልና።

ኪቦርዱ ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ይሰጠናል። አንድ የማውቃቸው ክራር ተጫዋች ለቀረጻ ሄደው «ከኪቦርዱ ጋር ያስተካክሉልን» ተባሉ። እሳቸውም እሺ ብለው አስተካከሉ። ቀረጻው አልቆ ሲወጡ ግን ደጅ ላይ ቁጭ ብለው ቀንበሩ ላይ ያለውን ጥምጥም አንድ በአንድ እያሸጋሸጉ ወደ ራሳቸው አንቺሆዬ መለሱት። አጠገባቸው ነበርኩ። ሁለተኛው አውታር ላይ ያደረጓት ፈቀቅታ እጅግ ትንሽ ናት፤ ዜማውን ግን ሌላ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ የኔ ፕሮግራም የሚዲን 128 የኖታ ቁጥሮች አይጠይቅም። እያንዳንዱ አውታር የራሱን ሄርዝ እስከ ነጥብ ድረስ ይይዛል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ተጫዋቹ በጆሮው እንደሚፈልጋቸው ይቀመጣሉ። ገበያ ላይ ያሉትን ፕለጊኖች ትቼ የራሴን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ምክንያትም አያስፈልገኝም።

የቋንቋ ጥያቄ የሚመጣው በቀጥታ እየመቱ ለመጫወት ሲታሰብ ነው። በፈሩ፣ ማለትም ድምፁ በየተራ የሚሞላበት ቋት፣ 128 ሳምፕል ከሆነ ኮዱ በየ3 ሚሊሰከንዱ ገደማ መድረስ አለበት፤ እዚያ ውስጥ ፋይል መክፈትም ሆነ ሜሞሪ መጠየቅ ክልክል ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ የተማርኩት ለዚህ ነው።

አሁን በገና ላይ ነኝ። እናቴ በዐቢይ ጾም ሬዲዮኑን ለበገና ትከፍት ነበር፤ እኔ ግን ልጅ ሆኜ የምሰማው መዝሙሩን ሳይሆን ያንን ንዝረት ነበር። ከየት እንደሚመጣ የገባኝ ኮዱን ልጽፍ ስል ነው። አንድ ደርዳሪ በርኩማው ላይ በአውታሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ በጣት ጫፍ ገፋ አደረጓት፤ ደረቅ የነበረው ድምፅ ወዲያው ማጉረምረም ጀመረ። ኮዱ ውስጥ ቁጥሩ በአንድ በኩል ከገደብ ሲያልፍ እዚያው እንዲታገድ አደረግሁ፤ አውታሩ ቆዳዋን ሲነካ የሚሆነው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። አንድ ገደብ ለአሥሩም አይሆንም፤ ወፍራሙ አውታር ሲስማማ ቀጭኑ ይታፈናል። ስለዚህ ለየአውታሩ የየራሱን እየሰጠሁ ነው፤ ደርዳሪውም እንዚራዎቻቸውን የሚያስተካክሉት እንዲሁ አንድ በአንድ ነው።