«እግዜር ያውቃል»፦ የአምላክ ቅድመ ዕውቀትና የልቦለድ ሴራ

አማርኛ ተናጋሪ ስለ ነገ ሲጠየቅ «እግዜር ያውቃል» ይላል። ይህች አነጋገር ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ትናገራለች፤ የሚያውቅ መኖሩንና ተናጋሪው ራሱ አለማወቁን። ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ የእምነት ቃልነቷ ይቀራል። የሚያውቅ ከሌለ ተስፋ መቁረጥ ትሆናለች፤ ተናጋሪውም የሚያውቅ ከሆነ ነገሩ ትንቢት እንጂ መታመን አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለት ልቦለዶችን በዚህች አነጋገር ሚዛን ለማየት እንሞክራለን። አንዱ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ሁለተኛው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

«ልብ ወለድ ታሪክ»ን የሚነቅፉ ሰዎች አዘውትረው የሚያነሡት ነጥብ አጋጣሚ በዝቶበታል የሚል ነው። በጦርነት የተማረከውን ክርስቲያን የጦር አለቃ አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። ውለታውን ለመመለስ ከቤት የወጣው ልጁ ዋሕድ በባርነት ይያዛል። አባትና መንትያ እህቱ ጦቢያ፣ እሷም የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ፍለጋ ይወጣሉ። በመጨረሻ አረመኔ የነበረው ንጉሥ ክርስትና ይነሣል፤ ጦቢያን ያገባል፤ የተበተነው ቤተ ሰብም ይሰበሰባል። ነቀፌታው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ዒላማውን የሳተ ይመስለናል። በኦሪት ዘፍጥረት ያለው የዮሴፍ ታሪክም ከዚህ ባላነሰ አጋጣሚ የተሠራ ነው። ወንድሞቹ ከጕድጓድ በጣሉት ሰዓት ነጋዴዎች በዚያ ያልፋሉ፤ በታሰረበት ግዞት ቤት የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ ይታሰራል። ይህን አጋጣሚ በዛበት ብሎ የሚነቅፍ አንባቢ ግን እምብዛም አይገኝም።

ልዩነቱ የሚገኘው በተራኪውና በባለ ታሪኩ ዕውቀት መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። ተራኪው እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር እንደ ነበረ ለአንባቢ ይነግራል፤ በግዞት ቤት ላለው ለዮሴፍ ግን የነገረው የለም። እንዲያውም ዮሴፍ ጠጅ አሳላፊውን ለንጉሡ አስታውስልኝ ብሎ ይለምነዋል። አምላኩን የታመነ ሰው ደጅ ጠናና ሰው ለመነ ማለት ነው፤ በዚህ ላይ ተራኪው አንድ የነቀፌታ ቃል አይጨምርም። ጠጅ አሳላፊው ይረሳዋል፤ ሁለት ዓመት ያልፋል። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ተሸጦ በፈርዖን ፊት የሚቆመው በ30 ዓመቱ ስለሆነ በመካከል 13 ዓመት አለ። ወንድሞቹ ለክፉ ያሰቡትን እግዚአብሔር ለመልካም አስቦት እንደ ነበር የሚናገረውም ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ቃል በጕድጓዱ ውስጥ ሆኖ ቢናገረው ኖሮ ታሪኩ በዚያው ይሞት ነበር።

አፈወርቅ የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። መልካሙን ፍጻሜ ተራኪው አስቀድሞ ያውቃል፤ ዕውቀቱም ወደ ገጸ ባሕርያቱ እየፈሰሰ ይገባባቸዋል፤ ስለዚህ መከራቸው ፈተና ሳይሆን መንገድ ብቻ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ ግን ደራሲው ከፍ ያለ ነገር ነክቷል። ዋሕድ ባሪያ የሆነው ስለ በደለ አይደለም፤ ውለታ ልመልስ ብሎ ስለ ወጣ ነው። በጎ ሥራው ጥፋት አመጣበት። የመታመን ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ተጨባጭ ሆኖ ሊመጣ አይችልም። ደራሲው ዋሕድን በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት ገጽ ቢያሳድረው ምን ያህል ሌላ መጽሐፍ ይኖረን ነበር! አልፎት ሄደ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ነገሩን ከሌላ በር ይገባበታል። የበዛብህ ወላጆች ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ ልጃቸውን ለእግዚአብሔር ይሳላሉ፤ በዛብህም ሳይመርጥ በስለት ታስሮ ያድጋል። ስለትን ከመታመን ጋር አንድ አድርጎ የማየት ልማድ አለን፤ ነገር ግን የተለያዩ ናቸው። የሚታመን ሰው የአምላክን ዓላማ ላለማወቅ ይፈቅዳል። የሚሳል ሰው ግን፣ በተለይ የሌላውን ሰው ሕይወት የሚሳል፣ ዓላማውን ራሱ ወስኖ አምላክን ባለ ውል ያደርገዋል። ይህ ሕዝቡ «የአርባ ቀን ዕድል» ከሚለው እምነት ጋር ይቀራረባል፤ በሁለቱም ዘንድ የሰው ነገር ከምርጫው በፊት ተቆርጦ ያለቀ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከዚህ ይለያል፤ እግዚአብሔር አስቀድሞ ማወቁ ሰውን አያስገድደውም፤ ነጻ ፈቃዱንም አይወስድበትም።

ይህን ልቦለድ ያስተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ አለ፤ በዛብህ የሞተው ስለቱን ስላፈረሰ ነው ወይ? መጽሐፉ የሚሰጠን ምክንያት ወንበዴዎች ናቸው። ሰብለ ወንጌልን ሊወስድ ሲመለስ መንገድ ላይ አደጋ ጣሉበት፤ እሷም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ልትፈልገው ወጥታ በጣር ላይ ደረሰችበት። ከዚህ የበለጠ አጋጣሚ በ«ጦቢያ» ውስጥ የለም። የሚያድነውን አጋጣሚ ድክመት፣ የሚገድለውን ጥበብ ብለን የምንጠራበት ምክንያት ምን እንደሆነ ሐያስያን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።

ሞቱን የስለት ቅጣት አድርገው የሚያነቡ ሰዎች ወላጆቹ ያደረጉትን ይደግማሉ፤ አምላክ ያልተናገረውን በአምላክ ስም ይናገራሉ። በሌላ በኩል ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ እንደ ተለመደው ሁሉን በባላባት ሥርዓት ብቻ የሚፈቱ ሰዎች ስለቱን እንደ ትርፍ ጌጥ ይቈጥሩታል፤ ይህም ደራሲው ከታሪኩ መነሻ ጀምሮ ያስቀመጠውን ድንጋይ እንዳላዩ ማለፍ ነው። እኛ ሁለቱም ንባብ ይጐድላል እንላለን። ሐዲስ ዓለማየሁ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ ደራሲ ነው፤ ቢፈልግ ፍርዱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊሰጠን በቻለ ነበር። አልሰጠንም። ይህ ዝምታ የእምነት መጕደል ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ ለእኛ ግን ተራኪው ራሱ «እግዜር ያውቃል» ያለበት ቦታ ይመስለናል። ሰብለ ወንጌል ከመቃብሩ አጠገብ ትመነኵሳለች። ሐዘን ነው ወይስ መታመን? ልብሱ ቀድሞ ለመንገድ ብላ የለበሰችው ነበር፤ አሁን ግን አታወልቀውም።