ነጋሪት በእልፍኝ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። ተረቱ ዘወትር የሚጠቀሰው የሌላውን ሥራ ከሩቅ ሆኖ የሚያቃልለውን ሰው ለመገሠጽ ነው። ዳሩ ግን ቃል በቃል ቢወሰድም ለዛሬው የሙዚቃ መድረክ የሚናገረው ቁም ነገር አለው። በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ማሲንቆን፣ ክራርንና ዋሽንትን ከዘመናዊው ድራም ጋር አቀናጅቶ መጫወት ከተለመደ ውሎ አድሯል። ቅንጅቱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው በቅንጅቱ ውስጥ አንዱ ድምፅ ሌላውን ሲውጠው ነው። ዋጩም አብዛኛውን ጊዜ ስኔር የሚባለው፣ ከሥሩ ሽቦ የተወጠረበት ድራም ሆኖ ይገኛል። ስለሆነም የስኔር አመራረጥ ለድራም ተጫዋቹ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን፣ ሕዝብ ከመድረክ ምን ሰምቶ ይሄዳል የሚለውን ጥያቄ የሚነካ ነው።

የሸዋ ሰው የቆዳ መሣሪያን በየቦታው ለይቶ ያውቅ ነበር። ነጋሪት የአደባባይ ነው። ከእንጨት ወይም ከብረት በተሠራ ግማሽ ክብ ቀፎ ላይ ቆዳ ተወጥሮ በዱላ የሚጎሰመው፣ ዐዋጅ ለማሰማትና ሠራዊት ለማስከተል ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ተቀምጠው ሸዋን በገዙበት ዘመን፣ ገደሉን ተሻግሮ የሚሰማ ድምፅ የሥልጣን ምልክት ነበረ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ በነጋሪት ስም መጠራቱም ከዚሁ የመነጨ ነው። አታሞ በአንጻሩ የቤትና የሠርግ ነው፤ በእጅ እየተመታ ዘፋኟን ያጅባል እንጂ አይሸፍናትም።

የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ደግሞ ከሁሉ የረቀቀ ሥርዐት አለው። የዜማ ሊቃውንት ቃሉን በመጀመሪያ በቁም ዜማ ያለ አንዳች መሣሪያ ያዜሙታል፤ ቀጥሎ በዝማሜ በመቋሚያ ያጅቡታል፤ ከዚያ በኋላ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገቡበታል፤ በመጨረሻም በጽፋት ምቱ ፈጥኖ ጭብጨባ ይታከልበታል። በደብረ ብርሃን ሥላሴም ሆነ በአንኮበር አድባራት ይህን ያየ ሰው አንድ ነገር ሊያስተውል ይገባዋል፤ ይኸውም ከበሮው የሚገባው ቃሉ በጆሮ ከተያዘ በኋላ መሆኑን ነው። ሞቅታው ከቃሉ በላይ ሳይሆን በቃሉ ላይ የተገነባ ነው።

ስኔር የመጣው ከሌላ ወገን ነው። መሠረቱ የአውሮፓ እግረኛ ጦር ከበሮ ሲሆን፣ በጭስና በተኩስ መካከል ለወታደሩ ትእዛዝ እንዲያሰማ ታስቦ ያደገ መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያም የሚታወቀው በመጀመሪያ ከሰልፍ ሙዚቃ ጋር ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ሆነው ለነሐስ ሙዚቃው መስፋፋት ትልቅ ድርሻ አበርክተዋል። በኋላም በክቡር ዘበኛና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች በኩል ይኸው ሙዚቃ ወደ ቴአትር ቤትና ወደ ምሽት ክበብ ገባ። በትውልዱ የአደባባይ የሆነውን ስኔር፣ ጠባዩን ሳያለዝቡ በጠባብ አዳራሽ ከማሲንቆ ጎን ማስቀመጥ ነጋሪትን በእልፍኝ እንደ መጎሰም ይቆጠራል።

ጉዳቱ ምንድር ነው? ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ቃል ነው። የስኔር ሽቦ የሚያወጣው ሽርታ የሰው ንግግር ተነባቢ ፊደላት በሚሰሙበት የላይኛው የድምፅ ክልል ላይ ይነጠፋል። አማርኛ ደግሞ በተነባቢ የሚኖር ቋንቋ ነው። «መጣ» እና «መታ» የሚለዩት በ«ጣ» እና በ«ታ» ብቻ ነው፤ «ገና» ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው፣ ላልቶ ሲነገር ጊዜውን ይጠቁማል። ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም በእንዲህ ያለ ቀጭን ልዩነት ላይ ሲቆም፣ አንድ ያለ ቦታው የወደቀ የስኔር ምት ወርቁን ይዞት ሊሄድ ይችላል። አድማጭ ያጨበጭባል፤ ግን የተባለውን አልሰማም። ሁለተኛው ተጎጂ ማሲንቆ ነው። አንዲት የጭራ ክር ያላት መሣሪያ ከብረት ቀፎ ጋር በጉልበት ልትወዳደር አትችልም።

በብዙ መድረክ የሚታየው መፍትሔ የድምፃዊውንና የማሲንቆውን ማጉያ ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ግን በሽታውን ማባባስ ነው። ማይክሮፎኑ ሲከፈት ያንኑ ስኔር ይዞ ይገባል፤ ተጫዋቹም ራሱን ለመስማት አጠንክሮ ይመታል፤ ሁሉም አብሮ ይወጣል። የጆሮም ጤና አለ። በሠራተኛ ጤና ዘርፍ ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅድና፣ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜውን በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል የሚፈቀደው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። በኃይል የተመታ ስኔር በአጠገቡ ላለ ሰው ከዚህ በላይ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ድምፁ መታረም ያለበት ከምንጩ ነው። ስኔር ለቡድን ሲገዛ ዓይን የሚማርከው የብረቱ ብልጭታ እንዳይሆን ያሻል። ነሐስም ሆነ አሉሚኒየም ጥራት ያለው ድምፅ ይሰጣል፤ ሆኖም ብሩህና ዘለግ ያለ ጩኸት አለው። እንጨት፣ በተለይም ማሆጋኒ፣ የላይኛውን ስለት ለዘብ አድርጎ የታችኛውን ሙቀት ያጎላል። የተለመደው ስፋት 14 ኢንች ነው፤ ጥልቀቱ 5 ኢንች ከሆነው ይልቅ 6 ተኩል የሆነው ወፍራም ገላ ይሰጣል። የላይኛው ቆዳ ነጭ ሻካራ ቅብ ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ በአንድ ንብር የሚሠራውና በብዛት የተለመደው ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ሁለት ንብሩ ደግሞ ጩኸቱን ቶሎ ይቆርጠዋል። ሽቦው ብዙውን ጊዜ 20 ክር ነው፤ ክሩ ሲያንስ ሽርታው ይቀንሳል። ብሎኖቹን በእኩል መጠን ላላ አድርጎ መቃኘት ድምፁን ወደ ከበሮ ያቀርበዋል። ቀጭን መምቻ፣ ብሩሽ ወይም የቀጫጭን እንጨቶች እስር መጠቀምም ወጪው ትንሽ፣ ውጤቱ ትልቅ ነው።

የሙቀትን ምንነት ለመረዳት የአገሩ ከበሮ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ የእንጨት ቀፎ፣ የእንስሳ ቆዳና ለስላሳ መዳፍ አለው። ይህ ማለት ግን ሁሉ ወደ ተፈጥሮ ቆዳ ይመለስ ማለት አይደለም። የአንኮበር ጉም ቆዳን እንደሚያላላ፣ ከበሮም ፀሐይ ወይም እሳት እንደሚሻ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1957 ወዲህ በስፋት የተሰራጨው የፖሊስተር ቆዳ ይህን ችግር አቃልሏል። ወደ ሌላው ጫፍ መሄድም ስሕተት ነው። የቢትልሱ ሪንጎ ስታር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለቀረጻ የሻይ ፎጣ በድራሙ ላይ ያለብስ ነበር፤ ማይክሮፎን አፍንጫው ሥር ባለበት ክፍል ይህ ያምራል። በመድረክ ላይ ግን ስኔርን በጨርቅ ጨርሶ ማፈን ምቱን ይገድለዋል። ለስላሳ ድምፅና የታፈነ ድምፅ አንድ አይደሉም።

«ስኔር ካልጮኸ እስክስታው ይቀዘቅዛል» የሚል ክርክር ይሰማል። እውነትነት አለው፤ ተወዛዋዥ ጥርት ያለ ምት ይሻል፤ ሰፊ ሜዳ ላይም የብረቱ ስኔር ቦታ አለው። ነገር ግን የጽፋት ኃይል የሚመጣው ከምቱ ፍጥነትና ከጭብጨባው ኅብረት እንጂ ከአንድ መሣሪያ ጩኸት አይደለም። ከዘመናዊው ታሪክም ምስክር አለ። ሃሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1963 በአዲስ አበባ የመሠረተው፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ ሲያሰልፍ ምቱን የሰጠው ለከበሮ ነው። በዚያ አደረጃጀት ምቱን የሚይዘው መሣሪያ ክሮቹ ከሚችሉት ጋር የተመጣጠነ ነበር። ድራም የመረጠ ቡድንም ይህንኑ ሚዛን ከመጠበቅ ግዴታ አያመልጥም።

ምርጫው የሚፈተነው በመሸጫ ሱቅ አይደለም። ስኔሩ በሚጫወቱበት አዳራሽ ይቀመጥ፤ ማጉያው ይዘጋ፤ ማሲንቆውና ዘፋኙ አብረው ይጀምሩ። ከቡድኑ አንዱ በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ ግጥሙን በወረቀት ይጻፍ። የጻፈው ከተዘፈነው ጋር ከተመሳሰለ ስኔሩ ለቦታው ተገቢ ነው። «መጣ» በተባለበት «መታ» ብሎ ከጻፈ ግን ጆሮው ላይ አይፈረድ፤ ብሎኑ ይላላ፣ ሽቦው ይቀነስ፣ መምቻው ይለወጥ፣ ይህም ካልበቃ ድራሙ ለአደባባይ ቀን ተቀምጦ ሌላ ይፈለግ።