ትርኢቱና አጥንቱ

በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት ርዕሰ ከተማ በሆነችው በኢንዲያናፖሊስ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የተቋቋመ የሕፃናት ሙዚየም ይገኛል። ይህ ሙዚየም «ዳይኖስፊር» የተሰኘውን የዳይኖሰር አዳራሽ በ2004 ለሕዝብ የከፈተው ቀድሞ ጉልላታማ ሲኒማ ቤት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሲኒማው ቢወጣም የሲኒማው መንፈስ አልወጣም። መብራቱ ሲለዋወጥ ሰማዩ ወገግ ይላል፣ ነጎድጓድ ያስገመግማል፣ ሌሊቱ ይወርዳል፤ በመካከሉም ከምድር ገጽ ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው ፍጥረታት አጽም ቆሟል።

አዳራሹ ሲከፈት ዋነኛው ትዕይንት ሁለት ታይራኖሶረስ ሬክሶች አንድ ትራይሴራቶፕስን ሲያጠቁ የሚያሳይ ነበር። በተውኔት ሚዛን ሲመዘን ድርሰቱ የተዋጣለት ነው፤ ግጭት አለው፣ ውጥረት አለው፣ ፍጻሜውም ለተመልካች ተትቷል። ይሁንና ከአጥቂዎቹ አንደኛው እውነተኛ አጥንት ያለበት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሌላ ስፍራ ከተገኘ አጽም የተቀረጸ ቅጂ ነው። ሁለቱ በሕይወት ሳሉ ስለ መገናኘታቸው ማስረጃ የለም። ጥንድ ሆነው ማደናቸውን የተናገረው አጥንቱ ሳይሆን አዘጋጁ ነው። «ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» ይባላል፤ እንዲህ ባለው መድረክ ፊት ግን ዓይን አይቶ ሳይጨርስ ልብ ፈርዶ ያድራል።

የሙዚየሙ እውነተኛ ብልጫ የሚገኘው ከዚህ ሁሉ ድምቀት ራቅ ብሎ ነው። ሕፃኑ እውነተኛ የዳይኖሰር አጥንት በእጁ እንዲዳስስ ይፈቀድለታል፤ ባለሙያዎች ቅሪተ አካልን ከአለት ሲያላቅቁም ቆሞ ያያል፣ ይጠይቃቸዋል። አጥንት እነካለሁ ብሎ የተዘረጋው መዳፍ የሚያገኘው ቀዝቃዛና ከባድ ድንጋይ ነው። አጥንት እንዴት ድንጋይ ሆነ? በከርሰ ምድር ውኃ የተሸከመው ማዕድን ረዥም ዘመን ወስዶ ወደ አጥንቱ መስረጉን፣ አልፎ አልፎም ቦታውን መተካቱን ለመስማት ሕፃኑ ጆሮ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ነጎድጓዱ መልስ ይደነቅርበታል፤ ድንጋዩ ግን ጥያቄ ይወልድበታል።

ግምት ሥጋ ለብሶ በአደባባይ ሲቆም ምን ያህል እንደሚያሳምን ለመረዳት የለንደኑን ክሪስታል ፓላስ መናፈሻ መመልከት ይበቃል። ቀራጺው ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ ሠርቷቸው በ1854 ለሕዝብ ከታዩት ግዙፍ ሐውልቶች መካከል፣ ኢጓኖዶን የተባለው ዳይኖሰር በአፍንጫው ላይ ቀንድ በቅሎበት ይታያል። ከ1878 ጀምሮ በቤልጂየም በበርኒሳር የድንጋይ ከሰል ማዕድን ከተገኙት አጽሞች ግን ያ «ቀንድ» የአውራ ጣት ሹል አጥንት መሆኑ ታወቀ። በጥቂት ስብርባሪ ላይ ተመሥርቶ መገመት ነውር አይደለም፤ ግምት ለሳይንስም ለኪነ ጥበብም እንጀራ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ግምቱ ስሙን ደብቆ እውነት ነኝ ሲል ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ መኖሪያዋ የአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ሆኖም ጎብኚው ዘወትር የሚያየው ቅጂዋን ነው። ምትክ የሌለውን አጽም ከእጅ ማራቅ አስተዋይነት ነው። ቅጂ ግን ቢሰበር እንደገና ይሠራልና የመስተዋት እስረኛ ሆኖ መቅረት የለበትም። የጭን አጥንቷ ወደ ጉልበቷ ሲወርድ ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ቆማ ትሄድ እንደነበር ከሚመሰክሩት ምልክቶች አንዱ ነው። ይህን ዝንባሌ ተማሪው በጣቱ ቢከተለውና ከራሱ ጉልበት ጋር ቢያስተያየው፣ ትምህርቱ ከቃል ጥናት አልፎ የራሱ ግኝት ይሆናል። ዓይነ ስውሩ ተማሪ ደግሞ ድንቅነሽን ሊጎበኝ የሚችልበት ዋነኛው መንገድ ይኸው መዳሰስ ነው።

እንግዲህ ሙዚየም ተውኔት ቢያዘጋጅ አይነቀፍም፤ ሕፃንን ከደጅ ወደ ውስጥ የሚጠራው ተውኔቱ ነውና። ነገር ግን መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ የትዕይንቱ አካል ሁሉ በግልጽ በስሙ ሊጠራ ይገባል፤ ይህ አጥንት ነው፣ ይህ ቅጂ ነው፣ ይህ ግምት ነው። ሦስቱን ለይቶ ከአዳራሹ የሚወጣ ልጅ፣ ነገ የሚመጣው አዲስ አጥንት የዛሬውን ትርኢት ቢያፈርሰው አይደናገጥም።