አይጥን ማስታመም

“አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ” እንላለን። “አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች” እንላለን። እዚህ ጉንችሬ ተቀምጬ ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችንን ሳገላብጥ አይጥ ወይ ትሰርቃለች ወይ ትሞታለች፤ አርጅታ፣ ታማ የተኛች አይጥ ግን አላገኘሁም።

ስለ ማጋዋ የተጻፈውን ያነበብኩት እሷን ስፈልግ ነው። ታንዛኒያ የተወለደው ይህ ግዙፍ አይጥ ካምቦዲያ ውስጥ ከ100 በላይ ፈንጂዎችና ያልፈነዱ ተተኳሾች አነፍንፎ አገኘ። በፈረንጆቹ 2020 የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ በ2021 ጡረታ ወጣ፤ በ2022 መጀመሪያ በ8 ዓመቱ ሞተ። ዜናው በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ሜዳሊያው ነው። እኔን የያዘኝ ግን ተንከባካቢዎቹ ስለ መጨረሻ ቀኖቹ የተናገሩት ነው፦ እንቅልፍ አበዛ፣ ምግብ ቀነሰ። ይሄ እኮ ስለ አያቶቻችን የምንናገረው ነው!

ሜዳሊያው ባይኖርስ ማን ይጽፍለት ነበር? ቤት ውስጥ የምትለመድ አይጥ ዕድሜዋ ከ2 እስከ 3 ዓመት ቢሆን ነው። ስታረጅ እባጭ ይወጣባታል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ፈንጂ አላገኘች፣ አልተሸለመች። የሚያስታምማት ሰው ግን ውሃውን አፏ ድረስ ያደርስላታል፣ መኝታዋን ይቀይርላታል።

“ማስታመም” የሚለው ቃላችን የታመመው ምን ሠርቷል ብሎ አይጠይቅም። ተረቶቻችንም የማጋዋ ዜናም ይጠይቃሉ። ከቃሉ ያነሱት እዚህ ላይ ነው።