ከቀዩ ልብስ በስተጀርባ፦ የካርዲናል ኡባልዲኖ ሥዕል እንዴት ይመዘናል?

በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ከተባለው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል ወደ ሰሜን፣ ዊልሻየር ጎዳና ላይ የሚገኘው የካውንቲው የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ የቦሎኛው ሠዓሊ ጊዶ ሬኒ (1575–1642) በ1620ዎቹ የሣለውን የካርዲናል ሮቤርቶ ኡባልዲኖን ፖርትሬት፣ ማለትም የአንድን ሰው መልክ የሚያሳይ ሥዕል፣ በስብስቡ ይዟል። ካርዲናል በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ቀጥሎ ያለ ማዕርግ ነው፤ ኡባልዲኖ ደግሞ በዚሁ ላይ የቦሎኛ ሌጌት፣ ይኸውም ከተማዪቱን በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም የሚያስተዳድር እንደራሴ ነበር።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ሥርዓት ያደገ ተመልካች ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡን በጎን በአንድ ዓይኑ ማየት ስለለመደ፣ ፊቱ በትንሹ ዞር ባለ ሰው ላይ ያንኑ ፍርድ እንዳይፈርድ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ እንዲህ ያለው አቀማመጥ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ራፋኤል ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ 2ኛን ከሣለበት ከ1511–12 ወዲህ የጸና የክብር ልማድ እንጂ የነውር ምልክት አይደለምና። የካርዲናሎች ልብስ ቀይ ቀለምም ለእምነት ደምን እስከ ማፍሰስ መታመንን የሚያመለክት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል አቡነ ጳውሎስ ፃድዋ በ1985 የለበሱትም ይኸው ቀይ ነው።

የሠዓሊው ችሎታ ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በነጩ ልብስ ላይ ነው። ካርዲናሎች ከቀዩ አጭር ካባ ሥር የሚለብሱት ነጭ በፍታ ጠርዙ ዳንቴል በመሆኑ፣ ተራ ሠዓሊ ነጩን በቀዩ ላይ እንደ ኖራ ሲለጥፈው፣ የሠለጠነው ግን ከሥር ያለው ቀይ በክሩ ቀዳዳ እንዲታይ፣ በእጥፋቱ እየደበዘዘ በጉልበቱ ላይ እንዲፈካ ያደርገዋል። ሬኒ ይህን በትዕግሥት ፈጽሞታል፤ ቀዩም አንድ ወጥ ሳይሆን ብርሃን በነካው ቦታ ሁሉ የሚለዋወጥ ነው። ስለዚህ ተመልካች በመጀመሪያ ቀረብ ብሎ ዳንቴሉን፣ ከዚያም ራቅ ብሎ ፊቱን ቢመለከት ይበጀዋል።

የመጨረሻው ጥያቄ ልብሱ ቢቀር ሰውየው ይቀራል ወይ የሚለው ነው። ስፔናዊው ሠዓሊ ቬላስኬዝ በ1650 በሣለው የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 10ኛ ፖርትሬት ላይ ጥርጣሬና ቁጣ ከዓይኑ ስለሚነበብ፣ ያ ሰው ያለ ዙፋኑም ያስፈራል። የሬኒው ኡባልዲኖ ግን ከልብሱ ጋር የተዋሐደ ሹም ነው፤ በነፍስ ጥልቀት ከቬላስኬዙ ቢያንስም፣ የሥልጣንን ክብር በጨርቅና በብርሃን በመግለጽ ከዘመኑ ምርጥ ሥራዎች ተርታ ይሰለፋል።